የሳል መዋጮ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የፋብሪካ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች በሠራተኞቻቸው ደጅ ተሰልፈው ሲለምኑ አየሁ። ሰልፉ ከእኛ ግቢ በር ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር። ሁሉም ከረባት አስረዋል፤ ጫማ ያደረገ ግን አንድም የለም። በካልሲ ብቻ ጭቃው ላይ ቆመዋል። እኔ መቼም ሕልምም ቢሆን አያስችለኝም፤ "ኧረ በእናንተ ሞት፣ ብርድ ይመታችኋል! ጫማችሁ የት ሄደ?" አልኳቸው።

"ለሠራተኞቹ መያዣ ሰጥተነዋል እማማ፤ እስኪራሩልን ድረስ" አለኝ ከፊት የቆመው።

ቀና ብዬ ሳየው አቶ ዘውገ ነበሩ። አቶ ዘውገ የልጅ ልጄ ሶስና የምትሠራበት የካልሲ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። በውኔ አንድ ጊዜ በመኪና መስኮት አይቻቸዋለሁ፤ ያኔ መስኮቱን ዘጉት። አሁን ግን ሁለት እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ "ለእመቤት ሶስና ይንገሩልኝ። የጤና መድኑን መዋጮ እኛ ላይ ይጣሉብን። ግዴታ ይሁንብን። ያለ ግዴታ መኖር መረረን!" እያሉ ይማጸኑኛል።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም። ሶስናን እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ የምትጠራኝም እማዬ እያለች ነው። ፋብሪካው ውስጥ የጥጥ ብናኝ እንደ ጉም ነው አሉ። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ትስላለች። ማታ ማታ ትራስ አፏ ላይ ይዛ ስትስል እሰማታለሁ፤ እንዳልሰማሁ ሆኜ እተኛለሁ፤ መተኛትስ የት አለ። ተመርመሪ ስላት፣ "ምርመራው ውድ ነው እማዬ፤ ደግሞ መታመሜን ካወቁ ያስወጡኛል" ትለኛለች። ለሰው የምንናገረው ጉንፋን ነው እያልን ነው። ይባስ ብሎ ጓደኞቿ ተናጋሪ አድርገው መረጧት። የጤና መድን ለሠራተኛው ሁሉ ግዴታ ይሁን፣ ሠራተኛው ግማሹን፣ አሠሪው ግማሹን ያዋጣ በሚለው ላይ ዛሬ ጠዋት ከአለቆቹ ጋር ስብሰባ ነበራቸው። አለቆቹ ፋብሪካው አይችልም ይላሉ። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ብትናገር ትስላለች፤ ፊታቸው ከሳለች ደግሞ ያውቃሉ። ይህን ሳሰላስል ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በሕልሜም ሶስና ከቤት ወጣች። አቶ ዘውገ አጎነበሱ።

"ምን ፈለግህ ዘውገ?" አለቻቸው።

ክው አልኩ። "አንቱ በይ እንጂ ልጄ! ምነው እንዲህ አድርጌ ነው እንዴ ያሳደግሁሽ?"

"እዚህ አገር አንቱ የሚባለው የታመመ ሰው ነው እማዬ። እሱ ደህና ነው።"

ይህን እንዳለች ሳል ያዛት። ሰልፈኛው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ፤ "ይድገምዎ! ይድገምዎ!" አለ በአንድ ድምፅ። ተናደድኩ። "ምን ማለታችሁ ነው? ምኑን ነው የሚደግማት?" ብዬ ስቆጣ፣ አንድ ወፍራም ባለ ፋብሪካ ዕንባውን እየጠረገ፣ "እኛ እንዲህ ያለ ሳል የት አግኝተን እማማ? ከተወለድን ደህና ነን፤ ዞር ብሎ ያየን ሰው የለም" አለኝ።

ሶስና ክንዴን ይዛ፣ "ነይ፣ መጀመሪያ ፋብሪካውን ላሳይሽ" አለችኝ። አንድ እርምጃ እንደተራመድን ፋብሪካው ውስጥ ነበርን። መንገዱ የት እንደገባ እንጃ።

ፋብሪካው ውስጥ ብናኝ የሚባል የለም። ሠራተኞቹ ረድፍ ሠርተው በወንበር ተቀምጠዋል። መካኒኮቹ ቱታ ለብሰው፣ የዘይት ማንቆርቆሪያ ይዘው፣ እየዞሩ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ጉልበት ያሻሉ፤ ደረቱ ላይ ጆሯቸውን ደግነው ያዳምጣሉ። "ይሄኛው ትንሽ ይንቋቋል፤ ዛሬ አያሠሩት" ይላሉ። በአንገቱ ላይ ካርድ ያልተንጠለጠለበት ሠራተኛ የለም፤ መቼ እንደተመረመረ፣ መቼ እንደሚመረመር ተጽፎበታል።

"ይሄ ካርድ እኮ በውን ማሽኖቹ ላይ ነው የሚንጠለጠለው" አለችኝ ሶስና እየሳቀች።

"ማሽኖቹስ?"

"ፈልጊያቸው።"

ዞር ዞር ብዬ ፈለግኋቸው። አንዲት የካልሲ ማሽን ከበሩ ኋላ ተደብቃ፣ ጨርቅ አፏ ላይ ይዛ፣ ድምፅ እንዳይወጣባት እየታገለች ትንቋቋለች። ጠጋ አልኳት። ሰውነቷ እንደ እሳት ይጋረፋል።

"ምን ሆነሻል እናቴ?"

"ዝም ይበሉ እማማ፣ በእመቤታችን! መንቋቋቴን ከሰሙ አውጥተው ይጥሉኛል።"

"ለምን ለመካኒኩ አትነግሪውም?"

"መካኒክ ውድ ነው። ደግሞ አንዲት መርፌ አለችኝ፤ ገና ልጅ ናት፤ እኔን ቢጥሉኝ እሷን ማን ያሳድጋታል?"

በነጠላዬ ጫፍ ግንባሯን ጠረግሁላት። ለካ ብረትም ሲፈራ ላብ ያልበዋል። "አይዞሽ፣ ጉንፋን ነው በያቸው" አልኳት። አፌ ለምዶ ነው እንጂ ምክርስ አልነበረም።

መሐረቤን ልሰጣት ዞር ስል ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበርኩ። እዚያ ደግሞ ሐኪሞቹ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው አንዲት እግሯን በፋሻ የጠቀለለች ሴት ናት።

"ቀጣይ!" አለች። አንድ ጎልማሳ ሐኪም ገባ።

"ምንህን ነው?"

"ሕመምተኛ አጣሁ። እጄ ይፈዛል። ሌሊት ያልበኛል።"

"መቼ ጀመረህ?"

"መድኑ ግዴታ ከሆነ ወዲህ። ሰዉ ሳይብስበት ይመጣል፣ በትንሽ ክኒን ይድናል። ድሮ ተሸክመው ነበር የሚያመጡልኝ፤ አሁን በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይሄዳል።"

ሴትዮዋ ጉንጩን ያዝ አድርጋ ምላሱን አየች። "አንዲት ቀላል ጉንፋን አዝዝልሃለሁ፤ ጠዋትና ማታ እያት። ምግብ ከበላህ በኋላ ይሁን" አለችው። ሐኪሙ ወረቀቱን ስሞ ወጣ።

ተከትዬው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ደረስኩ። በውኔ እዚያ መስኮት የማውቀው አንድ ቃል ነው፤ "የለም።" የጎረቤቴ ባል የማኅበረሰቡን ጤና መድን ከፍሎ ካርዱን ይዞ ሄዶ፣ የለም ተብሎ ከውጭ በገዛ ገንዘቡ ገዝቷል። ስለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው ምን ሊረባን እናዋጣለን የሚለው፤ አይፈረድበትም። በሕልሜ ግን መድኃኒት ሰጪው ግማሽ አካሉን በመስኮቱ አውጥቶ ይጮሃል።

"አለ! አለ! ሁሉም አለ! ሕመም ነው የሌለን! ሕመም ከውጭ ገዝታችሁ ኑ!"

"የእኔ ልጅ ሳል አላት" አልኩት።

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ። ክረምቱን ሙሉ ከጎረቤት የደበቅሁትን ነገር በአደባባይ ዘረገፍኩት። ሐኪሞቹ ከአግዳሚው ተነሡ፤ ፋሻ ያደረገችው ሴት ተነሣች፤ መድኃኒት ሰጪው በመስኮቱ ዘሎ ወጣ።

"ሳል? የት ናት? ብቻዋን ነው የተዋችኋት?"

ሁሉም ወደ ቤቴ ሮጡ። እኔም ከኋላቸው። እየሮጥኩ ሳለ ጡሩምባ ሰማሁ። የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ባንጃው ነው። ጋሽ ባንጃው ጡሩምባውን የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ ድምፁን ስሰማ ሁልጊዜ ዛሬ የማን ቀን ነው እላለሁ።

"ስሙ! ስሙ!" ይላል። "የወይዘሮ የውብዳር የልጅ ልጅ ሶስና ታማለች! ሳይብስባት ድረሱ! ሳልሰማ ቀረሁ የሚል ይቀጣል!"

ግቢያችን ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። የዕድሩ አግዳሚ፣ የዕድሩ ድስት፣ የዕድሩ ሳህን ሁሉ ተደርድሯል። ጮህኩ። "ድንኳን ለምን? ማን ሞተ? ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ?"

ጋሽ ባንጃው ጡሩምባውን ከአፉ አነሣ። "ማንም አልሞተም እትዬ የውብዳር። እንዳትሞት ነው የተተከለው" አለኝ።

ተቀመጥኩ። መሬቱ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ስንት ዓመት ለዚህ ዕድር ወር በወር ስከፍል፣ ድንኳኑን ከሰውዬው በፊት መትከል ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ምነው እስከ ዛሬ ማንም አላሰበው?

ድንኳኑ ውስጥ ስብሰባው ተጀመረ። በአንድ ወገን አሠሪዎቹ በካልሲያቸው፣ በሌላ ወገን ሠራተኞቹ የአሠሪዎቹን ጫማ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች አህያ ነበረች። ይህቺ ምን አገባት ብዬ ሳጉረመርም ሰማችኝ።

"የዛሬው አጀንዳ ማን ምን ያህል ይሸከም የሚል ነው አይደል?" አለች። "ታዲያ ከእኔ ሌላ ማንን ትጠሩ ነበር?"

ነጠላዬን አጣፍቼ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

አንድ ደልደል ያለ ወጣት ተነሣ። "እኔ ታምሜ አላውቅም። ግዴታ ክፈል የምባለው በምን ዕዳዬ ነው?"

ጋሽ ባንጃው ከኋላ፣ "ሞተህ ታውቃለህ?" አለው።

"ኧረ አላውቅም!"

"ታዲያ የዕድር ለምንድን ነው የምትከፍለው?"

ወጣቱ ደረቱን፣ ሆዱን፣ ጉልበቱን ዳበሰና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

አቶ ዘውገ ተነሡ። ከረባታቸውን ፈቱት። "እኛ አሠሪዎች ተበድለናል" አሉ። "ሠራተኛ ሲሞትብን አበባ እንልካለን። አውቶቡስ እንመድባለን። እንግዲህ ለሞታቸው እንዲህ ቸር ከሆንን፣ ለሳላቸው ንፉግ ሁኑ ብሎ ማን ፈረደብን? ግዴታ ይጣልብን!"

"አይሆንም!" አሉ ሠራተኞቹ። "ትርፋችሁ ይጎዳል! ትርፋችሁ ሲከሳ እያየን እንዴት እህል ይወርድልናል?"

"ትንሽ ይክሳ!" ብለው አሠሪዎቹ አለቀሱ። "ወፍሮ ወፍሮ መተንፈስ አቅቶታል!"

ጫጫታው በረታ። አህያይቱ በሰኮናዋ ጠረጴዛውን መታች። ሶስና እጇን አወጣች። አሁን ትናገራለች፤ አሁን ትስላለች፤ አሁን ያውቁባታል። ዝም በይ ልላት ፈለግሁ፤ ድምፄ አልወጣ አለ፤ በሕልም መቼም እንዲህ ነው።

"መዋጮው በገንዘብ አይሁን" አለች። "በገንዘብ ያዋጣ ሰው ያዋጣው ምን እንደሆነ አያውቅም። በሳል ይሁን። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ዘውገ።"

"ይሞከር" አለች አህያይቱ።

ሶስና ቆመች። ደረቷን ያዘች። "እህ" ብላ ግማሹ ላይ አቆመችው። ከወዲያ በኩል አቶ ዘውገ "እህህ!" ብለው ጨረሱት። ወገባቸው ታጠፈ። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

"ይሄ... ሌሊትም አለ?" አሉ እንደምንም።

"ሌሊትም አለ።"

"ይወጋል እኮ! እዚህ፣ ከጎን!"

"ይወጋል።"

"አልነገሩኝም!"

"መቼ ጠየቅኸኝ?" አለች ሶስና።

እኔ አቶ ዘውገን አላየሁም፤ እሷን ነበር የማየው። ግማሹ ሲወርድላት ትከሻዋ ከፍ አለ። ጉንጯ ላይ ደም መጣ። ልጅ ሆና ገላዋን አጥቤ ፀሐይ ላይ ሳስቀምጣት የነበራት ፊት ተመለሰ። ይህን ሳይ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ተነሣሁ።

"የተከበርሽ ሰብሳቢ፣ የእሷንም ግማሽ ለእኔ ስጡኝ። እሷ ገና ናት። የእኔ ደረት እንደሆነ አርጅቷል፤ ምን ይጎድልበታል?"

አህያይቱ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። "ለብቻ መሸከም እዚህ ክልክል ነው።"

"አያቷ ነኝ እኮ!"

"ቢሆኑም። ክረምቱን ሙሉ ሁለታችሁ ብቻችሁን ተሸከማችሁት፤ ቀለላት? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስጫን ኖሬአለሁ። ጭነቴን ግን ደብቄ አላውቅም። የደበቁትን ጭነት ማን ያግዛል?"

ከእኔ ሌላ ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር። ነገሩን ለማሰብ ጊዜ ስጡኝ ልል ስል አህያይቱ ድምፅ ወደ መስጠቱ ሄደች።

"ግዴታ ይሁን የሚል እግሩን ያውጣ!"

አሠሪዎቹ ቸኩለው ሁለት ሁለት እግራቸውን አወጡና በጀርባቸው ተዘረሩ። ድንኳኑ ሙሉ ካልሲ በአየር ላይ ሆነ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ተረከዙ የተቀደደም ነበር። ሠራተኞቹም እየሣቁ አንድ አንድ እግር አወጡ። አህያይቱ መቁጠር ጀመረች።

"አንድ ድምፅ ይጎድላል" አለች። "እማማ፣ እርስዎስ?"

"ተዪ እማዬ፣ ትወድቂያለሽ!" አለችኝ ሶስና።

ቁርጥማት ያለበትን እግሬን በሁለት እጄ ያዝኩ። ወደ ላይ አነሣሁት። አነሣሁት። ትንሽ ቀረኝ፤

ወለሉ ላይ ነበርኩ። አልጋው ከበላዬ ነው። ነግቷል። ሶስና ሰማያዊ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ስልኳን በአንድ እጇ ይዛ፣ በብብቴ ገብታ ታነሣኛለች።

"እማዬ! ምን ሆነሽ ነው? ተጎዳሽ?"

"ምንም አልሆንኩ። ስብሰባው ረፈደብሽ?"

"ቀርቷል" አለች። ስልኳን አሳየችኝ። "አሁን መልእክት ላኩልን። የመድኑ ጉዳይ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። አቶ ዘውገ ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። ወገባቸውን ነው። ለሕክምና ውጭ አገር ሊሄዱ ነው አሉ።"

"እግዜር ይማራቸው" አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ወገብ ክፉ ነው።

"ለመታከሚያቸው ሠራተኛው እንዲያዋጣ ተብሏል። ከደመወዝ ይቆረጣል።"

"ሳትጠየቁ?"

"በሙሉ ፈቃደኝነት ይላል።"

"ካልፈቀድሽስ?"

"ያልፈቀደ ቀርቦ ስሙን ያስመዝግብ ይላል።"

"ማን ዘንድ ነው የሚያስመዘግበው?"

ሶስና ስልኳን ወደ ኪሷ ከተተች። "እኔ ዘንድ" አለች። "ለስብሰባው ተመርጬ የለ? እሷው ትሰብስብ ብለዋል።"

አሁንም አልነቃሁ ይሆን ብዬ ክንዴን ቆነጠጥኩ። አመመኝ። ሶስና ልትሥቅ ጀመረችና ሣቁ ወደ ሳል ዞረባት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ትራሴን አንሥታ አፏ ላይ ያዘች። ሳሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለብቻዋ ሳለችው።

"ዛሬ ሥራ አለ?" አልኳት ስትጨርስ።

"ጠዋቱን የለም። ሁሉም ሠራተኛ ሆስፒታል ሄዶ አቶ ዘውገን እንዲጠይቅ ተፈቅዷል። ሰርቪሱ በየሰፈሩ እየዞረ ይወስደናል።"

"ለሕመምተኛ ጥየቃ ነው የተፈቀደላችሁ?"

"አዎ።"

"ነጠላዬን አቀብዪኝ።"

"አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ?"

"ጥየቃ ነዋ።"

"እሳቸውን የት ታውቂያቸዋለሽ እማዬ?"

"እሳቸውን ማን አነሣ? ጤና ጣቢያ ነው የምንሄደው፤ አንቺና እኔ። የት ነበርሽ ካሉሽ፣ ሕመምተኛ ይዤ ነበር በያቸው። ማንን ካሉሽ፣ ራሴን በያቸው።"

"ያውቁብኛል እኮ!"

"ይወቁ።"

መፍራቱንስ እኔም ፈራሁ። ግን ብዬዋለሁ። ሕመምተኛ ጋ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ከፍራሼ ሥር በመሐረብ የቋጠርኳትን ገንዘብ አወጣሁ። ሶስና ቋጠሮዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ስልኳን አጠፋች።

"ሻርፕሽን ደርቢ" አልኳት። "ነፋስ አለ።"

ሰርቪሱ ፊት ለፊት ቆሞ ክላክስ ሲያደርግ እኛ በጓሮ በር ወጥተን ነበር።